ኪቦርድ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ ማየት

በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው በኮርቻዋና በልጓሟ ማማር አይታለልም። አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፤ ሰኰናዋን አንሥቶ ይመረምራል፤ ጥቂት አስኪዶ አረማመዷን ይመለከታል፤ ብልህ የሆነ እንደ ሆነም ጭኖ ሳይሞክራት ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም። ይህን የሚያደርገው ሻጩን በመጠርጠር ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የብዙ ጊዜ ልፋት፣ የሚጠብቀውም መንገድ ረጅም መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

እኛም ዛሬ ይህንኑ የቆየ ጥበብ በአንድ ዘመናዊ ዕቃ ላይ ልንሞክረው አስበናል። ዕቃውም በስቱዲዮ ድምፅ ለመቅረጽና በመድረክ ላይ ለመጫወት የሚያገለግለው፣ ሲንተሳይዘር የሚባለው ከፍተኛ ኪቦርድ ነው።

ወጣት አንባቢዎቻችን ነገሩ የሙዚቀኞች ብቻ ነው ብለው ገጹን እንዳያልፉት እናሳስባለን። ከተማሪዎች መካከል ለክበባቸው መሣሪያ የሚመርጡ አሉ። ከወጣት ሠራተኞችም መካከል የመሥሪያ ቤታቸው የሙዚቃ ክፍል ዕቃ ሲገዛ በኮሚቴ ተቀምጠው የሚፈርሙ አሉ። ዕቁብ ጥለው፣ ደመወዛቸውን አጠራቅመው ለራሳቸው የሚገዙም አይታጡም። የዚህ ዐይነቱ መሣሪያ ዋጋ በአሜሪካ ገበያ በሺህ በሚቈጠር ዶላር ነው። ማጓጓዣውና ቀረጡ ተጨምሮበት አገራችን ሲደርስ ከአንድ ወጣት ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ይህን ያህል ገንዘብ ከወጣ በኋላ «ምነው ባላደረግሁት» ማለት ምንም አይጠቅምም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ይደርሳል።

አሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ውድ መሣሪያ መመርመር ያለበት በማስታወቂያው ወረቀት ላይ በተጻፈው ቍጥር ሳይሆን፣ ሊሠራበት በታሰበው ሥራ ነው። የስቱዲዮ ሥራ ሌላ ነው፤ የመድረክ ሥራ ሌላ ነው፤ በአገራችን ቅኝት መጫወትም ራሱን የቻለ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ገዥው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት የፈተናውን ጥያቄ እቤቱ ተቀምጦ ማውጣት አለበት።

ለምሳሌ ያህል የጃፓኑ ያማሃ ኩባንያ በ2023 ያወጣውን «ሞንታዥ ኤም» የተባለውን መሣሪያ እንወስዳለን። እርሱን የመረጥነው ሌላው ሁሉ ከእርሱ ያንሳል ለማለት ሳይሆን፣ ሊመረመር የሚገባው ነገር አብዛኛው በአንድ ሳጥን ውስጥ ስለሚገኝበት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ፒያኖ ድምፅ የሚሰጠው መዶሻ ክርን ሲመታ ነው። ሲንተሳይዘር ግን ክርም መዶሻም የለው። ድምፁን የሚያገኘው በተለይ በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛው መንገድ መቅዳት ነው። የእውነተኛ ፒያኖ፣ የዋሽንት ወይም የቫዮሊን ድምፅ በማይክሮፎን ይቀረጽና ወደ ቍጥር ይለወጣል። በተለመደው የሲዲ ልክ እያንዳንዱ ሴኮንድ 44,100 ጊዜ ይለካል። ተጫዋቹ ቍልፉን ሲነካ መሣሪያው ያንን የተቀዳ ድምፅ አውጥቶ ያሰማል። ስለዚህ የዚህ ዐይነቱ ድምፅ መልካምነት በመጀመሪያው ቀረጻ ጥራትና በአቀናባሪዎቹ ትዕግሥት ይወሰናል።

ሁለተኛው መንገድ በሒሳብ ድምፅ መፍጠር ነው። በ1967 በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቻውኒንግ የተባለ የሙዚቃ ሰው በኮምፒዩተር ላይ የድምፅ መርገብገብን ይሞክር ነበር። ዘፋኝ ድምፁን እንደሚያርገበግበው ያለውን መወዛወዝ እጅግ እያፈጠነው ሲሄድ፣ ጆሮ መርገብገቡን መስማቱን ትቶ አዲስ የድምፅ ቀለም መስማት ጀመረ። ይህም ኤፍ ኤም የተባለው ዘዴ መነሻ ሆነ። ቻውኒንግ ግኝቱን በ1973 በጽሑፍ አወጣው፤ ዩኒቨርሲቲውም የመጠቀሙን ፈቃድ ለያማሃ ሰጠ። ከብዙ ሥራ በኋላ በ1983 «ዲኤክስ 7» የተባለው ኪቦርድ ገበያ ወጣ።

ሦስተኛው መንገድ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የነበሩትን፣ እንደ ሙግ ያሉትን የኤሌክትሪክ ሲንተሳይዘሮች አሠራር በኮምፒዩተር ስሌት መምሰል ነው። ወፍራሙ የባስ ድምፅና እንደ ጭስ ቀስ ብሎ የሚወጣው የጀርባ ድምፅ በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው።

ሞንታዥ ኤም ሦስቱንም መንገዶች አንድ ላይ ይዟል። በድምሩም በአንድ ጊዜ እስከ 400 ድምፅ ሊያሰማ እንደሚችል ተጽፎለታል። የ1983ቱ ዲኤክስ 7 በአንድ ጊዜ የሚያሰማው 16 ብቻ ነበር። አንባቢ ይህን ሲያይ አዲሱ ከአሮጌው 25 እጥፍ ይበልጣል ብሎ ሊደመድም ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ባለው ሒሳብ ላይ ከመመሥረት የሚመልሰን አንድ የአገራችን ሰው ሥራ አለ።

በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋችነታቸው የታወቁት አቶ ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ሳሉ አኮርዲዮናቸውን፣ አንድ ዲኤክስ 7፣ አንድ ሮድስ የተባለ የኤሌክትሪክ ፒያኖና አንድ ሙግ ሲንተሳይዘር ይዘው «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ካሴት ቀረጹ። ይህ ካሴት በ2013 በአሜሪካ እንደ ገና ታትሞ ሲወጣ፣ በዚያ ጊዜ በታክሲ ነጂነት ይተዳደሩ የነበሩትን ሙዚቀኛ ወደ ዓለም መድረኮች መለሳቸው። ካሴቱን ያስወደደው የመሣሪያው የድምፅ ብዛት አልነበረም። በአኮርዲዮን የሠለጠነው ጣት ከአዲሱ መሣሪያ ምን እንደሚፈልግ ጠንቅቆ ስላወቀ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «መሣሪያው ምን ያህል አለው?» ሳይሆን «እኔ ምን ልሠራበት ነው?» የሚለው ይሆናል። ይህን የመለሰ ሰው ወደሚቀጥሉት ፈተናዎች ሊያልፍ ይችላል።

የጣት ፈተና

ሞንታዥ ኤም በሦስት መጠን ይሠራል። ትንሹ 61፣ መካከለኛው 76፣ ትልቁ 88 ቍልፎች አሉት። የትልቁ ቍልፎች እንደ ፒያኖ ክብደት የተሰጣቸው ናቸው። የሁለቱ ግን ቀለል ያሉ ናቸው።

ብዙ ገዥ «ትልቁ ይሻላል» ብሎ ይወስናል። ፒያኖ ለተማረ ሰው እውነት ነው። ነገር ግን ሥራው በአብዛኛው የኦርጋንና የአኮርዲዮን ዐይነት ድምፅ፣ ወይም በሠርግ ቤት ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ ፈጣን ጨዋታ የሆነ ሰው፣ ከባዱ ቍልፍ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ክንዱን ያዝለዋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ነካክቶ መሄድ አይበቃም። ገዥው ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ዘወትር የሚጫወተውን ዜማ ዘወትር በሚጫወትበት ፍጥነት መጫወት አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ አንዱን ቍልፍ በተቻለ መጠን በዝግታ ይንካ፤ ድምፁ ይጠፋል ወይስ እንደ ሹክሹክታ ይወጣል? ያንኑ ቍልፍ በፍጥነት ደጋግሞ ይምታ፤ መሣሪያው ሁሉንም ይቈጥራል ወይስ መካከሉን ይዘላል? ከዚያም የድምፁን መጠን ዘግቶ ይጫወት፤ ቍልፎቹ የሚያንኳኩ ከሆነ፣ ዘፋኙ በአጠገቡ ቆሞ በሚቀረጽበት ጸጥተኛ ስቱዲዮ ውስጥ ያ መንኳኳት በማይክሮፎኑ ይገባል።

በትልቁ ሞንታዥ ኤም ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቍልፉ አንድ ጊዜ ወርዶ ከተቀመጠ በኋላ ጣት ገፋ ሲያደርገው ድምፁ ይለወጣል፤ ይርገበገባል ወይም ይጐላል። በብዙዎቹ ኪቦርዶች ላይ ይህ ግፊት የሚሠራው በሁሉም ድምፆች ላይ በአንድነት ነው። በዚህኛው ግን እያንዳንዱ ጣት የራሱን ድምፅ ብቻ ይገፋል። ነገሩ ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም፤ ያማሃ በ1977 ባወጣው «ሲኤስ 80» በተባለው ግዙፍ መሣሪያ ላይ ነበር። ጥቅሙም ግልጽ ነው። ሦስት ድምፅ በአንድነት ይዞ አንዱን ብቻ እንደ ማሲንቆ ማስለቀስ ይቻላል። ስለዚህ ገዥው ሦስት ቍልፍ ይያዝ፤ አንዱን ብቻ ይግፋ፤ ሁለቱ ባሉበት ከጸኑ ለተጨማሪው ገንዘብ አንድ ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ነገር ግን በዚህ ዘዴ የማይጫወት ሰው፣ ለማይጠቀምበት ነገር እንደሚከፍል ይወቅ።

የጆሮ ፈተና

መሣሪያው ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ድምፅ ገዥን ለማስደነቅ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። በሰፊ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ ያስተጋባል፤ ከቀኝና ከግራ ይዞራል፤ አንድ ጣት ብቻ ቢነካው ሙሉ ኦርኬስትራ የመጣ ይመስላል። ይህ ሁሉ ኮርቻና ልጓም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የማስተጋቢያውንና የሌላውን ማሳመሪያ ሁሉ ዘግቶ ራቁቱን ድምፅ መስማት ነው። ራቁቱን የሚያምር ድምፅ ለብሶም ያምራል። ራቁቱን ያስቀየመ ግን በባንድ መካከል ከነልብሱ ይጠፋል።

ከዚያ የፒያኖውን ድምፅ መርጦ አንድ ቍልፍ እስኪጠፋ ድረስ ይዞ ማዳመጥ ነው። የእውነተኛ ፒያኖ ድምፅ እየደከመ ሲሄድ ቀለሙም አብሮ ይለወጣል። የተቀዳው ድምፅ ግን አንዳንድ ጊዜ ማኅደረ ቃል ለመቈጠብ ሲባል አጭር ቍራጭ እየተደጋገመ እንዲሄድ ይደረጋል፤ ጆሮም ያንን መደጋገም እንደ ጐማ መሽከርከር ይሰማዋል። ከዚህም በኋላ ከታችኛው ቍልፍ እስከ ላይኛው አንድ በአንድ እየነኩ መውጣት ይገባል። አንዱ ቍልፍ ከጎረቤቱ በድንገት የተለየ ቀለም ካሰማ፣ ቀረጻው በዚያ ቦታ መቀጠሉን ያመለክታል።

ቀጥሎ ያለው ፈተና ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ሱቅ ውስጥ ኪቦርዱ የሚሰማው በጆሮ ማዳመጫ ወይም በሁለት ድምፅ ማጉያ፣ በቀኝና በግራ ተከፍሎ ነው። በብዙ አዳራሽ ግን የድምፅ ባለሙያው ሁለቱን ወደ አንድ አዋሕዶ ያወጣዋል። ሰፊ ሆኖ የተሰማው ፒያኖ በዚህ ጊዜ እንደ ቆርቆሮ ቀጥኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ገዥው አንዱን ገመድ ነቅሎ በአንድ መውጫ ብቻ ያዳምጥ። በአንድ ገመድ የጸና ድምፅ ለመድረክ ይታመናል።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንመለስ። 128 ድምፅ በአንድ ጊዜ ይበቃል ወይስ አይበቃም? አንድ ተጫዋች አራት ድምፆችን ደርቦ፣ በሁለት እጁ ሰባት ቍልፍ ቢይዝ፣ እያንዳንዱ ድርብ አንድ አንድ ብቻ የሚወስድ ቢሆን እንኳ 28 ድምፅ ወጣ ማለት ነው። እግሩን ከፔዳሉ ሳያነሣ አምስት ጊዜ ቢደጋግም 140 ይሆናል፤ ከ128ም ያልፋል። በዚያን ጊዜ መሣሪያው የቆዩትን ድምፆች እየቈረጠ ለአዲሶቹ ቦታ ይለቃል። የድሮውን ሲንተሳይዘር የሚመስለው የሞንታዥ ኤም ክፍል ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 16 ድምፅ ነው። አራት ድርብ ከእርሱ የሠራ ሰው የሚቀርለት የአራት ቍልፍ ድምፅ ብቻ ነው። ለአንድ ዜማ መሪ ድምፅ ይህ ይበዛል፤ ሰፊ የጀርባ ድምፅ ለሚፈልግ ግን ሊያንስ ይችላል። እንግዲህ 400 የሚለው ቍጥር ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ለማን እንደሚበቃና ለማን እንደማይበቃ ወረቀቱ አይናገርም።

የስቱዲዮ ፈተና

በስቱዲዮ ውስጥ ኪቦርድ ብቻውን አይሠራም፤ ከኮምፒዩተር ጋር ይሠራል። የሁለት ኩባንያ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው እንዲግባቡ ያደረገው ሚዲ የተባለው የጋራ ቋንቋ ነው። በጥር 1983 በአሜሪካ በተደረገ የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት የሴኩዌንሻል ኩባንያ «ፕሮፌት 600» እና የሮላንድ ኩባንያ «ጁፒተር 6» በአንድ ገመድ ተያይዘው አንዱ የአንዱን ትእዛዝ ሲቀበል ታየ። ሚዲ የሚያስተላልፈው ድምፅን አይደለም፤ የትኛው ቍልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኀይል እንደ ተነካ የሚገልጽ ማስታወሻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በፒያኖ የተቀረጸው ነገ በዋሽንት ድምፅ ሊሰማ ይችላል።

ሞንታዥ ኤም በአንዲት የዩኤስቢ ገመድ ይህን ማስታወሻ ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ወደ ኮምፒዩተር ያሳልፋል፤ በ32 መስመር ያወጣል፣ በ6 መስመር ያስገባል። ያቀነባባሪ ሥራ ለሚሠራ ሰው ይህ ታላቅ ነገር ነው። ባሱን፣ ፒያኖውንና የጀርባውን ድምፅ በየመስመሩ ለይቶ በአንድ ጊዜ መቅረጽ ይችላልና። ከዚህም ሌላ ኩባንያው በ2024 የመሣሪያውን ድምፅ የሚሰጥ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለባለቤቶቹ አቅርቧል። ስለዚህ አንድ ሰው ቤቱ በኮምፒዩተር ያዘጋጀውን ድምፅ መድረክ ላይ በመሣሪያው ሊጫወተው ይችላል።

ፈተናው ግን በሱቁ ኮምፒዩተር ሳይሆን በገዥው በራሱ ኮምፒዩተር መደረግ አለበት። ኮምፒዩተሩ አሮጌ የሆነ እንደ ሆነ ወይም የሚያስፈልገውን ፕሮግራም የማይቀበል ከሆነ፣ 32ቱ መስመር በወረቀት ላይ ይቀራል። ሁለተኛም የድምፁን መዘግየት ማየት ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ድምፅን በቅጽበት አያሳልፍም፤ ጥቂት ጥቂቱን እያጠራቀመ ነው። 256 ልክ ቢያጠራቅም በተለመደው የሲዲ ፍጥነት ወደ 6 ሺህኛ ሴኮንድ ይዘገያል። ይህ ከድምፅ ማጉያ ሁለት ሜትር ርቆ እንደ መቆም ያለ ነው፤ ብዙ ሰው አይሰማውም። በአራት እጥፍ ሲዘገይ ግን ስምንት ሜትር እንደ መራቅ ስለሚሆን፣ ፈጣን የችክችካ ምት የሚጫወት እጅ መደናቀፉን ያውቀዋል።

በመጨረሻም ምንም ሳይጫወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጸጥታውን ማዳመጥ ነው። የሚያፏጭ ወይም የሚያጕረመርም ካለ፣ ከመሣሪያው ነው ወይስ ከገመዱ ብሎ ገመዱን ለውጦ መሞከር ይገባል።

የመድረክ ፈተና

ስቱዲዮ ስሕተትን ይታገሣል፤ ደግሞ መቅረጽ ይቻላልና። መድረክ ግን አይታገሥም።

በመድረክ ላይ የመጀመሪያው ዳኛ ክብደት ነው። በ2016 የወጣው የመጀመሪያው ባለ 88 ቍልፍ ሞንታዥ 29 ኪሎ ይመዝን ነበር። ጠንካራው መያዣ ሳጥን ሲጨመርበት አንድ ሰው ብቻውን ደረጃ ሊያወጣው አይችልም። የራሱ መኪናና ረዳት ያለው ባንድ አይቸገርበትም። በታክሲ ተሳፍሮ ከልምምድ ወደ ሥራ የሚሮጥ ተማሪ ግን መሣሪያውን ከመውደዱ በፊት አንሥቶ ሊሸከመው ይገባል።

ሁለተኛው የድምፅ ለውጥ ነው። ተጫዋቹ አንዱን ዜማ በፒያኖ ጨርሶ ወደ ሌላው በኦርጋን ሲሻገር፣ የያዘው ድምፅ ድንገት ቢቈረጥ አድማጭ ያውቀዋል። ሞንታዥ አዲሱ ድምፅ ሲመረጥ የቀደመው ቀስ ብሎ እስኪጠፋ የሚጠብቅ ዘዴ አለው። ይህን ለመፈተን የተዘጋጀ ማሳያ አያስፈልግም። በፔዳል አንድ ድምፅ ይዞ ወደ ሌላው መለወጥና መስማት ይበቃል። ገዥው ለአንድ ምሽት የሚያስፈልጉትን ድምፆች በቅደም ተከተል አሰልፎ አንድ በአንድ ይሞክራቸው። ይህን በሱቅ ውስጥ ለመሥራት ግማሽ ሰዓት የፈጀበት መሣሪያ፣ በመድረክ ጨለማ ውስጥ ከዚያ የባሰ ያስቸግረዋል።

ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በውስጣቸው ኮምፒዩተር ናቸውና መብራት ሲጠፋ ይተኛሉ፤ ሲመጣ ደግሞ ለመነሣት ጊዜ ይፈልጋሉ። በ2011 የወጣውና በብዙ ባለሙያዎች ዘንድ የተደነቀው የኮርግ ኩባንያ «ክሮኖስ» ተነሥቶ ለጨዋታ እስኪዘጋጅ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይወስድ ነበር። ሙሽራ በሚገባበት ሰዓት አንድ ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ ሠርግ ላይ የተጫወተ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ሻጩ እያየ መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራትና በሰዓት መቈጣጠር ነው። የሚያስፈልገውንም ዩፒኤስ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አብሮ ማሰብ ይገባል። ከአሜሪካ የሚመጣ ዕቃ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ፣ የዚያ አገር የቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልት ስለ ሆነ፣ ከመሣሪያው ጀርባ የተጻፈውን ቍጥር ሳያነቡ መሰኪያ መሰካት ዕቃውን ማቃጠል ሊሆን ይችላል።

የቅኝት ፈተና

ይህ ፈተና በውጭ አገር መጽሔቶች ምርመራ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ነው።

ኪቦርድ አንዱን ኦክታቭ እኩል በሆኑ 12 ግማሽ ድምፆች ይከፍለዋል። ትዝታን በዚህ ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብሎ መጫወት ይቻላል። አንቺ ሆዬንም ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ብሎ መጫወት ተለምዷል። ነገር ግን የማሲንቆ ተጫዋች ጣት ክሩ ላይ የሚያርፈው በእነዚህ እኩል ክፍሎች ላይ ብቻ አይደለም። ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ እያለ ለዜማው ጣዕም የሚሰጠውን ቦታ በጆሮው ይፈልጋል። አንቺ ሆዬ በኪቦርድ ሲሰማ አንዳንድ ጊዜ «ልክ ነው፤ ግን ጣዕሙ የለም» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው።

የ1983ቱ ዲኤክስ 7 ከእኩሉ ክፍል መውጫ መንገድ አልነበረውም፤ በኋላ የመጣው ሁለተኛው ዲኤክስ 7 ግን የቅኝት ሠንጠረዥ ተጨመረለት። ዛሬም ከፍተኛ የሆኑ ኪቦርዶች ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ አላቸው። በእርሱ እያንዳንዱን ድምፅ በግማሽ ድምፅ መቶኛ፣ ይኸውም ሴንት በሚባለው ልክ፣ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ስለዚህ ገዥው ከቻለ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ይዞ ይሂድ። ማሲንቆው አንቺ ሆዬን ይምታ፤ ኪቦርዱ በእርሱ ልክ ይቃኝ። ስንት ሴንት ይነሣ፣ ስንት ይውረድ የሚለውን የሚወስነው ጆሮ እንጂ መጽሐፍ አይደለም፤ ከተጫዋች ተጫዋችም ይለያያል። መሣሪያው የሚጠየቀው ሦስት ነገር ነው። የራስን ሠንጠረዥ መሥራት ይቻላል ወይ? ሠንጠረዡ ከድምፁ ጋር አብሮ ይቀመጣል ወይ? ከአንቺ ሆዬ ወደ ትዝታ ሲታለፍ በአንድ ንክኪ ይለወጣል ወይ? ለሦስቱም «አዎን» የሚል መሣሪያ የእኛን ዜማ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተኛ ይጫወታል። «አይደለም» የሚል ከሆነ ግን ዜማው ነው ለመሣሪያው የሚገዛው። ባለፉት አሥርታት በከተሞቻችን አንድ ኪቦርድ የብዙ ሙዚቀኞችን ቦታ እየያዘ መምጣቱን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆች በየቀኑ የሚሰሙት ቅኝት መሣሪያው የፈቀደው ብቻ ከሆነ፣ ሌላው ከጆሮ ይጠፋል፤ ከጆሮ የጠፋውንም እጅ አይመልሰውም።

ዋጋና ፊርማ

ከነዚህ ፈተናዎች በኋላ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ለዚህ ሥራ ይህን ያህል ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል ወይ?

ራሱ ያማሃ በ2018 «ሞዲኤክስ» የተባለ ቀለል ያለና ዋጋውም በጣም ዝቅ ያለ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። ከ2016ቱ ሞንታዥ የድምፁን አብዛኛውን ወርሷል። የተቀነሰው በኤፍ ኤም በኩል በአንድ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ከ128 ወደ 64 መውረዱ፣ ቍልፎቹ የጣትን ግፊት አለመስማታቸውና የአካሉ ቅለት ነው። ባለ 88 ቍልፉ የሚመዝነው 13.8 ኪሎ ነበር፤ ከሞንታዡ ግማሽ አይሞላም። ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። በከፍተኛው መሣሪያ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ የሚገዛው በአብዛኛው ድምፅን ሳይሆን የቍልፍን ጥራት፣ የአካልን ጥንካሬና የመስመሮችን ብዛት ነው። ለዘወትር ስቱዲዮና ለትልቅ መድረክ ይህ ዋጋ አለው። ለተማሪዎች ክበብ ግን የተረፈው ገንዘብ መልካም ድምፅ ማጉያ፣ ጠንካራ መቆሚያ፣ ሁለት ትርፍ ገመድና ዩፒኤስ ቢገዛ የበለጠ ይጠቅማል።

በኮሚቴ የሚገዙ ወጣቶች ደግሞ አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንመክራለን። አምስቱን ፈተናዎች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ዕቃው ከመታየቱ በፊት ለእያንዳንዱ ነጥብ ይመድቡ። መሣሪያው ለመድረክ ከሆነ የመድረኩ ነጥብ ይብለጥ፤ ለቀረጻ ከሆነ የስቱዲዮው። ነጥቡ ዕቃው ከታየ በኋላ የተመደበ እንደ ሆነ፣ የታየው ዕቃ ራሱ ነጥቡን ይመድባል። ከነጥቡም አጠገብ ሁለት ጥያቄ ይታከል፤ ሲሰበር እዚህ የሚጠግነው ማን ነው? መለዋወጫው ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? ቍልፉ ተሰብሮ ወራት የሚጠብቅ ውድ መሣሪያ በየቀኑ ከሚሠራ መካከለኛ ያንሳል።

በፈተናውም ጊዜ መሣሪያውን ዘወትር የሚነካው ሰው በቦታው ይገኝ። ብዙ ጊዜ የሚፈርመው ሰው አይጫወትም፤ የሚጫወተው ሰው አይፈርምም፤ ስሕተቱም የሚገባው በሁለቱ መካከል ነው። ኪቦርዱ ሃያ ደቂቃ በተጫዋቹ ጣት፣ በአንድ ገመድ፣ ማሳመሪያው ተዘግቶ፣ ማሲንቆው ባለበት ይሰማ። ያን ጊዜ ፈራሚው በወረቀቱ ላይ ብዕሩን ሲያሳርፍ የሚገዛው ቍጥር ሳይሆን፣ በጆሮው የሰማው ድምፅ ይሆናል።